ጠባቂው ማማው ላይ ያልነበረ ቀን



ደረሳ ሳለን ሲራ ስንቀራ ሸይኻችን «ሱሀይሊ እዚህ ጋ እንዲህ ይላሉ» እያሉ ያብራሩልን ነበር። ሱሀይሊ ማለት «የሱሀይል ሰው» ማለት እንደሆነ ይገባናል። ሱሀይል የት ነው ብለን ግን አንድም ቀን አልጠየቅንም። ቦታው ስፔን ውስጥ በባሕር ዳር እንደሚገኝና ዛሬ ቱሪስቶች የሚዝናኑበት ከተማ እንደሆነ ያወቅነው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። እግራችን አልረገጠውም፤ ታሪኩን ግን አንብበናል። እስቲ ዛሬ በዚያ ባሕር ዳር በሐሳብ አብረን እንጓዝ።

በደቡብ ስፔን፣ በማላጋ አውራጃ፣ ከማኒልቫ እስከ ኔርሃ የባሕር ዳር ከተሞችን የሚያያይዝ የእግረኛ መንገድ አለ። ርዝመቱ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ይሆናል። አንዳንዱ ክፍል በንጣፍ ድንጋይ፣ አንዳንዱ በእንጨት የተሠራ ነው። በአንድ ወገን ሜዲትራኒያን ባሕር፣ በሌላው ወገን ሆቴልና ምግብ ቤት አለ። በየመሃሉ ብቻቸውን የቆሙ አሮጌ የድንጋይ ማማዎች ይታያሉ። ብዙው ተጓዥ አጠገባቸው ፎቶ ተነሥቶ ያልፋል።

እነዚህ ማማዎች የጥበቃ ማማዎች ናቸው። ከባሕር የሚመጣ የጠላት መርከብ ሲታይ ጠባቂው ቀን በጭስ፣ ሌሊት በእሳት ለቀጣዩ ማማ ምልክት ይሰጣል። ያም ለሚቀጥለው ያስተላልፋል። እንዲህ እያለ የባሕር ዳሩ ሰው በሙሉ በአጭር ጊዜ ይሰማል።

ታላቁ ተጓዥ ኢብኑ በጡጣ (ረሒመሁላህ) በ1350 እ.ኤ.አ. አካባቢ በዚሁ ባሕር ዳር ከማርቤያ ወደ ማላጋ ተጉዘዋል። ከማርቤያ ተነሥተው ወደ ማላጋ የሚሄዱ ፈረሰኞች አግኝተው አብረዋቸው ሊሄዱ አሰቡ፤ እነሱ ግን ቀድመዋቸው ሄዱ። ሱሀይል አካባቢ ሲደርሱ መጀመሪያ የሞተ ፈረስ፣ ቀጥሎም መሬት ላይ የተጣለ የዓሣ ቅርጫት አዩ፤ ልባቸው ፈራ። የምሽጉ አዛዥ የሆነውን ነገራቸው። አራት የጠላት መርከቦች መጥተው ነበር። ሰዎቹ ወደ የብስ የወረዱት ጠባቂው ማማው ላይ ባልነበረበት ሰዓት ነው። አሥራ ሁለቱ ፈረሰኞች ከእነሱ ጋር ተገጣጠሙ። አንዱ ተገደለ፣ አንዱ አመለጠ፣ አሥሩ ተማረኩ። ዓሣ አጥማጁም ተገደለ። ኢብኑ በጡጣ ያን ሌሊት ምሽጉ ውስጥ አድረው በማግስቱ ከአዛዡ ጋር ማላጋ ገቡ።

ልብ በሉ! ማማው አልፈረሰም፤ ድንጋዩም በቦታው ነበር። የጠፋው ሰውየው ነው።

ያ ምሽግ ዛሬም ፉዌንሂሮላ በተባለችው ከተማ፣ ከባሕሩ አጠገብ ባለች ጉብታ ላይ ቆሟል። ስሙም እስካሁን የሱሀይል ምሽግ ነው። ሱሀይል የኮከብ ስም ነው። በግቢው ውስጥ ዛሬ የሙዚቃ ዝግጅት ይካሄዳል።

ኢማም ሱሀይሊ (508–581 ሂጅሪያ) ከዚህ ሰፈር የተነሡ ዓሊም ናቸው። በ17 ዓመታቸው የዓይናቸውን ብርሃን አጡ። በአገራቸው ሳሉ ድሃ ነበሩ። ዝናቸው ከባሕር ማዶ ሲሰማ ወደ መራኪሽ ተጠርተው ሄዱ፤ እዚያው ሞተው ተቀበሩ። «አር-ረውዱል ኡኑፍ» የተባለው ኪታባቸው የኢብኑ ሂሻምን ሲራ የሚያብራራ ነው። ሶሐቦች ወደ ሐበሻ ያደረጉት ሂጅራ የተተረከው በዚያው ሲራ ውስጥ ነው። ዓይናቸው የማያይ የአንዳሉስ ዓሊም የእኛን አገር ታሪክ የያዘ ሲራ አብራርተው፣ ከስምንት መቶ ዓመት በኋላ ሸይኻችን በስማቸው አስተማሩን። ሱብሓነላህ!

መንገዱን ይዘን ወደ ምሥራቅ ስንቀጥል ማላጋ እንደርሳለን። ከተማዋ መሃል የአታክልት፣ የሥጋና የዓሣ ገበያ አለ፤ አታራዛናስ ይባላል። ስሙ «ዳሩ-ስሲናዓ» ከሚለው ዐረብኛ የመጣ ነው። በሙስሊሞቹ ዘመን መርከብ የሚሠራበት ቦታ ነበር። የዕብነ በረድ በሩ እስካሁን አለ። በላዩም «ወላ ጋሊበ ኢለላህ»፣ ማለትም «ከአላህ በቀር አሸናፊ የለም» የሚል ጽሑፍ ተቀርጿል። ሰው ቲማቲምና ዓሣ ገዝቶ ከሥሩ ያልፋል።

ማላጋ እንዴት ወደቀች? በ1487 እ.ኤ.አ. የካስቲል ሠራዊት አጠገቧ ያለችውን ቬሌዝን ከበበ። በግራናዳ በዚያ ጊዜ አጎትና የወንድም ልጅ ለሥልጣን ይጣሉ ነበር። አጎትየው፣ አዝ-ዘገል የሚባለው፣ ቬሌዝን ለማዳን ከግራናዳ ሲወጣ ከተማዋ ከኋላው የወንድሙን ልጅ አቡ ዐብዲላህን አነገሠች። ቬሌዝ በሚያዝያ ተያዘች። ማላጋ ከግንቦት እስከ ነሐሴ ተከበበች። ረኀብ ገባ፤ ሕዝቡም የሚላስ የሚቀመስ አጣ። ከግራናዳ የደረሰላት አልነበረም። እጇን ስትሰጥ አብዛኛው ነዋሪ፣ ከአሥር ሺህ በላይ ሰው፣ ለባርነት ተዳረገ። አምስት ዓመት ሳይሞላ፣ በጥር 1492፣ አቡ ዐብዲላህ ራሱ የግራናዳን ቁልፍ አስረከበ።

ከዚያ በኋላ ማማዎቹ ጌታ ለወጡ። አዲሶቹ ገዢዎች አሮጌዎቹን ያዙ፤ ሌሎችም ጨመሩ። አሁን የሚጠበቀው ከሰሜን አፍሪካ የሚመጣው የሙስሊም መርከብ ሆነ። ድንጋይ ወገን የለውም። ለቆመበት ይቆማል።

ይህን የጻፍነው ቂም ለመቆስቆስ አይደለም። ዛሬ በዚያ መንገድ የሚሄደው ሰው በ1487 አልነበረም። የጻፍነው ለራሳችን ነው። ብዙዎቻችን የአልሐምራን ፎቶ ለጥፈን «ያ አንዳሉስ!» ብለን እናለቅሳለን። በዚያው ምሽት ኮሜንት ላይ ወንድማችንን ስንሰድብ እናመሻለን። ደርስ ሲጠራ ደግሞ ጊዜ የለንም እንላለን። አንዳሉስን ያዳከመው ይኸው መናቆር ነበር። ከአንዳሉስ የተረፈልንም እንደ ሱሀይሊ ያሉ ዓሊሞች የተዉልን ዒልም ነው።

እኛም ብንሆን ለዓመታት ስማቸውን እየጠራን አገራቸውን አልጠየቅንም። ጥፋቱ የራሳችን ነው። ስለዚህ በዚህ ሳምንት አንድ ነገር እናድርግ። ከምንቀራው ኪታብ ላይ የአንድ ዓሊም ስም እንምረጥ። ከየት ናቸው? ማን አስተማራቸው? እዚህ እኛ ጋ በማን በኩል ደረሱ? ብለን ሸይኻችንን እንጠይቅ። ያገኘነውንም ለታናናሾቻችን እንንገር። ማማው ላይ መቆም ከዚህ ይጀምራል።

አላህ ጠቃሚ ዒልምን ይስጠን፤ ልባችንንም ያስማማልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።