ከባቲ ቅኝት እስከ ኤርታሌ አልበም፦ ከባዱ የጊታር ሙዚቃ እና አምስቱ ድምፆች

ከሚሴ፦ ባቲ የሚለው ስም ሁለት ነገሮችን ይጠራል። አንደኛዋ በኦሮሞ ብሔረሰብ አሥተዳደር የምትገኘው፣ በሰኞ ገበያዋ አፋሩን፣ ኦሮሞውን እና አማራውን የምታገናኘው ከተማ ናት። ሁለተኛው ከትዝታ፣ ከአምባሰል እና ከአንቺ ሆዬ ጋር ከአራቱ የኢትዮጵያ ዋና ዋና ቅኝቶች የሚቆጠረው ባቲ ነው። ይህ ቅኝት ከሀገር ቤት ክራር ርቆ፣ በዓለም መድረክ ከሚያስገመግመው ከባድ የጊታር ሙዚቃ ጋር ዝምድና አለው። ዝምድናውን ለመረዳት የሙዚቃውን አነሳስ እና ከሀገራችን ሥራዎች ለዚህ ስልት የሚቀርበውን “ኤርታሌ” አልበም ማየት ያሻል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስላጅ ሜታል ምንድን ነው?

ስላጅ ሜታል ከሮክ ሙዚቃ ዘርፎች አንዱ ሲሆን ስሙ ማጥ ወይም ዝቃጭ ማለት ነው። ስያሜው ባሕሪውን ይገልጻል፤ ምቱ ዝግ ያለ፣ የጊታሩ ድምፅ ወፍራም እና ሻካራ ነው። በክረምት በጨፋ ረግረግ እግሩን እየነቀለ የሚሄድ ሰው እርምጃን ያስታውሳል።

የዘርፉ ሥር በ1970 የመጀመሪያ አልበሙን ያወጣው የእንግሊዙ ብላክ ሳባዝ ነው። የቡድኑ ጊታር ተጫዋች ቶኒ አዮሚ በበርሚንግሃም የብረታ ብረት ፋብሪካ ሠራተኛ ሳለ፣ በ17 ዓመቱ የሁለት ጣቶቹ ጫፍ በማሽን ተቆረጠ። ከቀለጠ ፕላስቲክ የጣት ቆብ ሠርቶ መጫወቱን ቀጠለ፤ ኋላም የጊታሩን ክሮች አላልቶ መቃኘት ጀመረ። ክር ሲላላ ድምፁ ይወርዳል፤ ይከብዳልም። በ1980ዎቹ በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት የተመሠረተው ሜልቪንስ ይህን ስልት ይበልጥ አዘገመው፤ በሉዊዚያና ግዛት ደግሞ እንደ አይሄትጎድ እና ክሮውባር ያሉ ቡድኖች የራሱ ስም ያለው ዘርፍ አደረጉት።

ጃኖ ባንድ እና “ኤርታሌ”

ጃኖ ባንድ ስላጅ ሜታል አይጫወትም፤ ሥራው ሮክ ነው። ሆኖም ከባድ የኤሌክትሪክ ጊታርን ከአማርኛ ዜማ ጋር በማዋሐድ በስፋት የታወቀ ቡድን ነው። ስሙን የወሰደው በቀይ ጥለቱ ከሚለየው፣ ቀድሞ ነገሥታት እና መኳንንት ይለብሱት ከነበረው የጥጥ ልብስ ነው።

በ2012 የወጣው “ኤርታሌ” የቡድኑ የመጀመሪያ አልበም ነው። መጠሪያው ከአሥተዳደሩ በስተምሥራቅ በሚጎራበተው የአፋር ክልል፣ በሰሜናዊው ጫፍ ካለው እሳተ ገሞራ የተወሰደ ነው። ኤርታሌ ከባሕር ወለል በላይ 613 ሜትር ከፍታ ሲኖረው፣ ስሙ በአፋርኛ የሚጨስ ተራራ ማለት ነው። በድምፅ ድብቁሉ ታፈሰ፣ ኃይሉ አመርጋ፣ ሃሌሉያ ተክለጻድቅ እና ሔዋን ገብረወልድ ተሳትፈዋል። ሁለት ወንዶች እና ሁለት ሴቶች እየተቀባበሉ መዝፈናቸው አልበሙን ከተለመደው የአንድ ድምፃዊ አሠራር ይለየዋል። ነጋዴው ኤርሚያስ አመልጋ ለቡድኑ ምሥረታ ከፍተኛ ድጋፍ አድርጓል።

አልበሙን ያቀናበረው አሜሪካዊው የቤዝ ጊታር ተጫዋች ቢል ላስዌል ነው። ላስዌል በ1986 የወጣውን የከባዱን የእንግሊዝ ቡድን የሞተርሄድን አልበም አዘጋጅቷል። በ2001 ደግሞ በጎጃም ቻግኒ የተወለደችውን የእጅጋየሁ ሽባባውን (ጂጂን) በስሟ የተሰየመ አልበም ሠርቷል። ስለዚህ ወደ “ኤርታሌ” የመጣው ሁለቱንም ወገን የሚያውቅ ባለሙያ ነበር። ቡድኑ ሁለተኛ አልበሙን “ለራስህ ነው” በሚል ርዕስ በ2018 አውጥቷል።

ቅኝቱ እና ጊታሩ የሚገናኙበት

የኢትዮጵያ ዋና ቅኝቶች እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የተዋቀሩ ናቸው። ባቲ በሁለት ዓይነት ይቃኛል፤ አንደኛው ባቲ ሜጀር፣ ሁለተኛው ባቲ ማይነር ይባላል። የባቲ ማይነር ድምፆች ከላ ተነሥተው ሲቆጠሩ ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ እና ሶል ናቸው። የብሉዝ ተጫዋቾች የተጠቀሙበት፣ ብላክ ሳባዝም ሆነ ተከታዮቹ ደጋግመው ዜማ የሠሩበት የአምስት ድምፅ ስኬል በአወቃቀሩ ይኸው ነው።

ይህ ማለት አንዱ ከሌላው ቀዳ ማለት አይደለም። ልዩ ልዩ ሕዝቦች አምስት ድምፆችን በየራሳቸው መንገድ ተጠቅመዋል፤ አንድ ዓይነት እህል በአንዱ ቤት እንጀራ፣ በሌላው ቂጣ እንደሚሆነው ነው። የባቲን ዜማ ባቲ የሚያሰኘው የድምፆቹ ቁጥር ብቻ ሳይሆን የድምፃዊው እርግብግቢት፣ የክራሩ አመታት እና ዜማው የሚያርፍበት ቦታ ጭምር ነው። ጊታር በፋብሪካ በተለካ የድምፅ ርቀት ሲሠራ፣ የክራር ተጫዋች ግን ጅማቱን በጆሮው እየለካ ያጠብቃል፤ ያላላል።

ልዩነቱ ለወጣቶች ትርጉም አለው። ጊታር ለመማር የሚነሣ የከሚሴ ወይም የባቲ ወጣት መነሻውን ከውጭ ብቻ የሚፈልግ ከሆነ፣ በአካባቢው ስም የሚጠራውን ቅኝት ሳያውቀው ሊያልፍ ይችላል። ቅኝት ደግሞ በአብዛኛው የሚተላለፈው ከአዋቂ እጅ እና ጆሮ ነው፤ የሚቀበለው ሲጠፋ ረቂቁ አመታት አብሮ ይጠፋል። ክራሩን በባቲ ማይነር ቃኝቶ የለመደ ግን ጊታር ሲያነሣ አምስቱን ድምፆች አስቀድሞ ያውቃቸዋል። “ኤርታሌ” ከባድ ጊታር እና የሀገር ዜማ በአንድ አልበም መዋል እንደሚችሉ አሳይቷል፤ የባቲን አመታት ከነባር ክራር ተጫዋቾች መማር ግን የየአካባቢው ወጣት ድርሻ ነው።