ከፈውስ በኋላ ያለው መንገድ

ከዐቢይ ጾም እሑዶች አራተኛው መፃጉዕ ይባላል። በዚያ ዕለት የሚታሰበው 38 ዓመት የአልጋ ቁራኛ ሆኖ የኖረው ድውይ በተፈወሰ ጊዜ፥ አልጋውን ተሸክሞ እንዲሄድ ታዘዘ እንጂ በተኛበት እንዲቈይ አልተፈቀደለትም። ከዚህ የምንማረው መዳን አንድ ነገር፥ መራመድም ሌላ ነገር መሆኑን ነው። የሳንባ ነቀርሳ ታሪክም ይህንኑ ያስተምረናል፤ ዓለም ይህን እውነት አንድ ጊዜ አግኝቶት፥ መልሶ ረስቶት፥ ዛሬ እንደ ገና እየተማረው ነውና። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

በ1854 ሄርማን ብሬመር የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም በሲሌዝያ ተራሮች መካከል በገርበርስዶርፍ ለሳንባ ሕሙማን መታከሚያ አቋቋመ። የሕክምናው መሠረት ንጹሕ አየር፥ በቂ ምግብና በዳገት ላይ በልክ መራመድ ነበር። አስቀድሞ የእርሱ ታካሚ የነበረው ፔተር ዴትቫይለር ግን በ1876 በፋልከንሽታይን ሌላ መታከሚያ በከፈተ ጊዜ፥ ሕሙማኑን በሰገነት ላይ አጋድሞ ማሳረፍን መረጠ። ሮበርት ኮኽ በ1882 የበሽታውን ተሐዋሲ ቢያገኝም፥ የሚያጠፋው መድኃኒት ገና ስላልነበረ፥ በዕረፍትና በእንቅስቃሴ መካከል የነበረው ክርክር ቀጠለ።

በ1905 በእንግሊዝ አገር በፍሪምሊ መታከሚያ የተሾመው ማርከስ ፓተርሰን ሥራን እንደ መድኃኒት እየመጠነ መስጠት ጀመረ። ሕመምተኛው በመጀመሪያ ይራመዳል፤ ቀጥሎ አፈር በቅርጫት ይሸከማል፤ ከዚያም በትንሽ አካፋ፥ ኋላም በትልቅ አካፋ ይሠራል፤ በመጨረሻም ዶማ ያነሣል። ትኩሳት የታየበት ወደ ዕረፍቱ ይመለሳል። የዚህም አሳብ ከመታከሚያው የሚወጣ ሰው ሠርቶ አዳሪ እንዲሆን ነበር።

በ1943 ስትሬፕቶማይሲን ተገኘ፤ ሌሎችም መድኃኒቶች ተከተሉት፤ ከዚህም የተነሣ የጥንቶቹ መታከሚያዎች አንድ በአንድ ተዘጉ። በአገራችንም በ1963 በአዲስ አበባ በእንጦጦ ግርጌ ለነቀርሳ ሕሙማን የተቋቋመው የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ዛሬ ሌላውንም በሽታ ያክማል። በ1992 ደግሞ ሕመምተኛው መድኃኒቱን በጤና ሠራተኛ ፊት የሚውጥበት ሥርዓት በአርሲና በባሌ ተጀምሮ ወደ መላው አገር ተስፋፋ። ይህ ታላቅ ድል ነው። ነገር ግን ድሉ አንድ ነገር አስረሳ። ተሐዋሲው ቢሞትም፥ ያቈሰለው ሳንባ ሁልጊዜ እንደ ቀድሞው አይሆንም። በብዙዎች ላይ ጠባሳ ይቀራል፤ የአየር ቧንቧዎች ይጠባሉ፥ ወይም ያለ ልክ ሰፍተው አክታ ያቍራሉ።

እንግዲህ ይህን ይዘን ወደ ምዕራብ ጎጃም እንምጣ። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች፤ ቡሬም ከ2,000 ሜትር ትበልጣለች። በዚያ ገጠር የሰው ኑሮ በእግሩና በትንፋሹ ላይ የቆመ ነው። በሬ ጠምዶ ማረስ፥ ውኃ ከምንጭ ማምጣት፥ በርበሬና በቈሎ ተሸክሞ ገበያ መውጣት ሁሉ ትንፋሽ ይሻል። የ6 ወር መድኃኒቱን ጨርሶ፥ አክታው ተመርምሮ ነፃ የተባለ ገበሬ ግን ሁለት ትልም ሳያርስ ሞፈሩን ይዞ ይቆማል። አንዱ ጎረቤት «ሰነፈ» ይለዋል፤ ሌላውም «በሽታው አለቀቀውም» ብሎ ከማዕዱ ይርቃል። ሁለቱም ተሳስተዋል። እርሱ ራሱም ትንፋሽ ማጠሩን ፈርቶ ይቀመጣል፤ በተቀመጠ ቍጥር እግሩ ይዝላል፤ የዛለ እግርም ትንፋሹን የባሰ ያስጨንቀዋል።

ይህን ቀለበት የሚሰብረው ጥንት በፍሪምሊ የታየው ጥበብ ነው። በኡጋንዳ፥ በካምፓላ ከተማ፥ ከነቀርሳ የዳኑ ሰዎች ለ6 ሳምንት፥ በሳምንት ሁለት ጊዜ እየተሰበሰቡ ሰውነታቸውን እንዲያሠለጥኑ ተደርጎ፥ በ2017 በታተመው ውጤት አካሄዳቸውና ኑሯቸው እንደ ተሻሻለ ተገልጿል። ለዚህ ሥራ ትልቅ መሣሪያ አያስፈልግም። በሜዳ ላይ መራመድ፥ ከበርጩማ መነሣትና መቀመጥ፥ ቀላል ሸክም ማንሣት፥ ከንፈርን አጥብቦ ቀስ ብሎ መተንፈስ ነው። ትንፋሽ ሲያጥር ወደ ፊት ዘንበል ብሎ በክንድ መደገፍ ይረዳል፤ ማኅሌት የሚቆም ደብተራ መቋሚያውን ለዚሁ ሊጠቀምበት ይችላል። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፥ የዛሬው እርምጃ ከትናንቱ በጥቂቱ ይበልጥ፤ ልኩን ግን የጤና ባለሙያ ይንገረው። የምድጃ ጢስም ለቈሰለ ሳንባ ጠላት ነውና ከእርሱ ይራቅ። አዲስ ሳል፥ ደም የቀላቀለ አክታ፥ ትኩሳት ወይም ክሳት ቢታይ ግን በሽታው ተመልሶ እንደ ሆነ እንዲመረመር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ጸበል የሚጠመቅም መድኃኒቱን አያቋርጥ።

መፃጉዕ ያዘነው በደዌው ብቻ አልነበረም፤ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው በማጣቱም ነበር። በደብራችን አጠገብ እንዲህ ያለ ወንድም ወይም እኅት ቢኖሩ፥ እሑድ ጧት ከደጃቸው ተነሥተን እስከ ቤተ ክርስቲያን በእነርሱ እርምጃ እንሂድ፤ ሲቆሙ እንቁም፤ ሲነሡ እንነሣ። ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ማለት ነው፤ መንገድም የሚቀናው አብሮ የሚሄድ ሰው ሲገኝ ነው።