በበር ሥር የገባው ውኃ

የኢቫን ፓቭሎቭ ስም ሲነሣ ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ደወልና ምራቁን የሚያዝረበርብ ውሻ ነው። በትምህርት ቤት የተማርነው ይህንኑ ነበር፤ ደወሉ ይደወላል፣ ሥጋው ይቀርባል፣ ይህ ይደጋገማል፤ በመጨረሻም ውሻው ሥጋ ሳያይ በደወሉ ብቻ ምራቁ ይፈስሳል። ለፈተና ይህ በቂ ነበር። እኔን ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ የማረከኝ በመማሪያ መጻሕፍት እምብዛም የማይነገር የአንድ ጎርፍ ታሪክ ነው። ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ላወጋችሁ የወደድኩት ስለዚያ ጎርፍ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከሳይንቲስቱ ሳይሆን ከባለቅኔው ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1824 የኔቫ ወንዝ ከ4 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የሴንት ፒተርስበርግን ከተማ አጥለቀለቃት። አሌክሳንደር ፑሽኪን ያን ጊዜ ከከተማዋ ርቆ በግዞት ላይ ነበር። (የቅድመ አያቱ የአብራም ሃኒባል የትውልድ ስፍራ ዛሬም ቢያከራክርም እኛ ኢትዮጵያውያን ፑሽኪንን «የኛው ደም» ማለቱን አልተውንም።) ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1833፣ ባለቅኔው ያን ጎርፍ «የነሐሱ ፈረሰኛ» በተሰኘው ረጅም ግጥሙ ውስጥ አኖረው።

የግጥሙ ባለታሪክ ዬቭጌኒ እንደ እኔው ተራ የቢሮ ጸሐፊ ነው። ጎርፉ የሚወዳትን ልጅ ይወስድበታል፤ አእምሮውም ይታወካል። ውኃው ከሸሸ፣ ከተማዋም ወደ ገበያዋ ከተመለሰች ወራት አልፈዋል። በመጸው መባቻ በአንድ ሌሊት ዬቭጌኒ በወንዙ ዳር ተኝቶ ሳለ ዝናቡ ያካፋል፣ ነፋሱ ያላዝናል፣ ማዕበሉ ደረጃውን ይመታል። ድሃው ሰው ብድግ ይላል፤ ያለፈው ሽብር ሁሉ ሕያው ሆኖ ይመለስበታል። ልብ በሉ፤ በዚያ ሌሊት ጎርፍ አልነበረም። የነበረው ዝናብና ነፋስ ብቻ ነው። ፑሽኪን ይህን ሲጽፍ ፓቭሎቭ ገና አልተወለደም።

ፓቭሎቭ እ.ኤ.አ. በ1849 በሪያዛን ከተማ ከቄስ ቤተሰብ ተወለደ። በመንፈሳዊ ትምህርት ቤት ከተማረ በኋላ ትምህርቱን አቋርጦ ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ የተፈጥሮ ሳይንስም አጠና። በ1904 የኖቤል ሽልማት ያስገኘለት የምግብ መፈጨት ሥርዓት ጥናቱ ነበር። ነገር ግን በዚሁ ጥናት መካከል አንድ ነገር ያስቸግረው ጀመር፤ ውሾቹ ምግቡ አፋቸው ሳይደርስ ገና ሲያዩት ምራቃቸው ይፈስሳል። ሌላ ሰው ቢሆን እንደ እንከን ቆጥሮ ያልፈው ነበር። እርሱ ግን ቀሪ ዕድሜውን ለዚህ ነገር ሰጠ። በትንሽ ቀዶ ሕክምና የምራቁን ቧንቧ ወደ ውሻው ጉንጭ አወጣና፣ እኔ በባንክ መስኮት ብር እንደምቆጥር፣ እርሱ የምራቅ ጠብታ ይቆጥር ጀመር።

በቆጠራው ያገኘው ሕግ ሲነገር ቀላል ነው። ምግብ ምራቅን ለማምጣት አስተማሪ አያስፈልገውም፤ ተፈጥሮ ራሷ አስተምራለች። የሜትሮኖም ምት ግን ለውሻ ትርጉም የለሽ ድምፅ ነው። ምቱ እየቀደመ ምግቡ እየተከተለ ሲደጋገም ግን ምቱ የምግቡ መልእክተኛ ይሆናል፤ ምራቁም መልእክተኛውን እንደ ጌታው ይቀበላል። ቅደም ተከተሉ ግን ወሳኝ ነው፤ አስቀድሞ የማይመጣ መልእክተኛ ምን ያበሥራል? የሳይኮሎጂ ሰዎች «ክላሲካል ኮንዲሽኒንግ» የሚሉት ይህንን ነው። ትምህርቱ ደግሞ ወሰን አይጠብቅም። አንድን ድምፅ የለመደ ውሻ ለሚመስለው ሌላ ድምፅም ምራቁን ያፈስሳል። አበው «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ሲሉ ይህንኑ ሕግ ያለ ቤተ ሙከራ ደርሰውበት ነበር።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን የመርሳት ነገር ነው። ምቱን ያለ ምግብ ደጋግመው ካሰሙት የውሻው ምራቅ እየቀነሰ ሄዶ ይደርቃል። «ረሳው» ያሰኛል። ጥቂት አሳርፈው እንደገና ቢያሰሙት ግን ማንም ሳያስተምረው ምራቁ ይመለሳል። ስለዚህ የቀድሞው ትምህርት አልጠፋም፤ ታፍኖ ነው የቆየው። በሌላ አነጋገር መርሳት የመሰለን ነገር በአሮጌው ላይ የተደረበ አዲስ ትምህርት ነው።

አሁን ወደ ጎርፉ እንመለስ። መስከረም 13 ቀን 1917 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 23 ቀን 1924) የፑሽኪን ጎርፍ መቶ ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ሲቀረው፣ በዚያው ዓመት ሌኒንግራድ ተብላ በተሰየመችው ከተማ ኔቫ እንደገና ወደ 3.8 ሜትር ከፍ አለ። ፓቭሎቭ ሰባ አምስት ዓመት ሊሞላው የቀረው ሦስት ቀን ነበር። ውሾቹ በግቢው ውስጥ በሚገኘው ማደሪያቸው ሳሉ ውኃው ደረሰባቸው። ነፋሱ ዛፍ ይገነድሳል፤ ማዕበሉ ግድግዳውን ይደበድባል። ሠራተኞቹ ውሾቹን በትንንሽ ቡድን እያዋኙ ወደ ዋናው ሕንፃ አሻገሯቸውና በአንድነት አጎሯቸው። ከሞት ተረፉ።

ጎርፉ ከጎደለ በኋላ ሥራው ቀጠለ። ከተረፉት ውሾች አንዱ ግን ሌላ ፍጡር ሆኖ ተገኘ። በብዙ ድካም የተማረው ሁሉ የለም፤ ምግብም ቢያቀርቡለት ፊቱን ያዞራል። በኋላ አሌክሲ ስፔራንስኪ የተባለው የፓቭሎቭ ረዳት አንድ ነገር ሞከረ። በተለመደው ሥርዓት ውሻው በክፍሉ ውስጥ ብቻውን ይቀመጣል፤ መርማሪው በውጭ ይሆናል። አሁን ግን መርማሪው ገብቶ ከውሻው ጋር ተቀመጠ። የጠፋው ትምህርትም ቀስ በቀስ ተመለሰ።

ውሻው የዳነ በመሰለ ጊዜ ድምፅ የሌለው ቀጭን ውኃ በበሩ ሥር ወደ ክፍሉ እንዲፈስ ተደረገ። ውሻው ብድግ አለ፤ ወለሉን በጭንቀት ይመለከት፣ በኃይል ይተነፍስ ጀመር። ምግቡን እምቢ አለ፤ ትምህርቱም እንደገና ጠፋ። ጎርፍ አልነበረም፤ በበር ሥር የገባ ጥቂት ውኃ ብቻ ነበር። ዬቭጌኒንም የቀሰቀሰው ካፊያ ነበር።

ሰውን ከውሻ ጋር ማመሳሰል በእኛ ባህል ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን እዚህ ላይ ውሻው የሚናገረው ስለ እኛ ነው። በአንድ ወቅት አብሮን የሚሠራ በዕድሜ የገፋ የጥበቃ ባልደረባ ነበር፤ በወጣትነቱ ብዙ ዓመት በጦር ሜዳ ያሳለፈ። ማታ ማታ የባንኩ የብረት መዝጊያ በኃይል ሲወርድ ትከሻው ወደ ጆሮው ይሸሻል፤ ጉልበቱ ይታጠፋል። አንድ ቀን አንዱ ወጣት ባልደረባችን «ጋሼ፣ ጦርነቱ ካለቀ እኮ ስንት ዘመኑ፤ አሁንም አልረሱትም?» አላቸው። እርሳቸውም ፈገግ ብለው «ልጄ፣ እኔማ ረስቼዋለሁ፤ ያልረሳው ጀርባዬ ነው» ሲሉ መለሱለት።

የፓቭሎቭን መጻሕፍት ያነበቡ አይመስለኝም። ማንበብም አላስፈለጋቸውም።

በአገራችን ጎርፍ ያየ ሰው ብዙ ነው። ጦርነት ያየ፣ ስደት ያየ፣ በሌሊት በሩ የተንኳኳበት ብዙ ነው። እኛም ዘመኑ ሲያልፍ «እርሳው በቃ» እንለዋለን፤ በደግነት የምንለው ነው። ነገር ግን ጀርባ በምክር አይረሳም። ጠዋት የታክሲ ጎማ ሲፈነዳ፣ የክረምት ነጎድጓድ ሲያጓራ፣ ያ ሰው ለምን እንደደነገጠ ራሱም ላያውቅ ይችላል። ፈሪ ወይም ደካማ ስለሆነ አይደለም፤ አንድ ጊዜ በደንብ የተማረ ሰው ስለሆነ ነው።

ከዚያ ቤተ ሙከራ ግን ሌላም ነገር እናገኛለን። የውሻውን ትምህርት የመለሰው «እርሳ» የሚል ትእዛዝ አልነበረም። አንድ የሚያውቀው ሰው ገብቶ አብሮት መቀመጡ ነበር። የበሩ ሥር ውኃ ዳግመኛ ሊመጣ ይችላል፤ ያንን ማንም ሊያስቀረው አይችል ይሆናል። ሲመጣ ግን በክፍሉ ውስጥ ብቻውን የሚቀመጥ ሰው እንዳይኖር ማድረግ እንችላለን። «የሰው መድኃኒቱ ሰው» ያሉት አበው ይህን ያውቁ ነበር።

ቸር ይግጠመን።