አዛጦን ከእግራችን ሥር

ወደ አሽዶድ አዲስ የገባችሁ ቤተሰቦች ሆይ፣ አንዳንድ ጊዜ የሚሠራበት መሬት በገመድ ተከልሎ፣ በአራት ማዕዘን ተቆፍሮ፣ ሰዎች በብሩሽና በባልዲ አፈር ሲጠርጉ ታያላችሁ። ሥራው የቆመ ይመስላል፤ ቤት ለሚጠብቅ ሰውም ያናድዳል። ነገር ግን በ1978 ዓ.ም. (ዓመቶቹን የጻፍነው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) በወጣው የቅርስ ሕግ መሠረት፣ ጥንታዊ ቅርስ አለበት ተብሎ በተመዘገበ ቦታ ላይ ያለ ቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ቤትም መንገድም አይሠራም።

ዘመናዊቷ አሽዶድ የተቆረቆረችው በ1956 ነው፤ ከብዙዎቹ ሽማግሌዎቻችን በዕድሜ ታንሳለች። መሬቷ ግን ሌላ ነው። የወደቡ ሥራ ከመጀመሩ በፊት፣ በ1959 እና በ1960፣ የታሪክ ተመራማሪው ሞሼ ዶታን ከላኪሽ ወንዝ በስተሰሜን ያለውን ቴል ሞር የተባለ ጉብታ አስቆፈሩ። ከ3,200 ዓመት በፊት የግብፅ ወታደሮች የነበሩበት ምሽግ ተገኘ። ከሸክላውም መካከል የቢራ ማሰሮ ነበረበት፤ እናቶቻችን ቢያዩት ለጠላ ነው ባሉ ነበር። ከዚያ በላይ ባለው አፈር ደግሞ፣ በግሪኮች ዘመን ከባሕር ቀንድ አውጣ ሐምራዊ ቀለም ይወጣበት የነበረ ሥፍራ ከነቅርፊቱ ክምር ተገኝቷል።

እኛን ይበልጥ የሚነካው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። አሽዶድን በአማርኛው መጽሐፍ የምታውቋት አዛጦን በሚለው ስም ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 20 የአሦር ንጉሥ ሳርጎን ሠራዊቱን ወደ አዛጦን እንደላከ ይናገራል፤ በዚያው ምዕራፍ የኢትዮጵያም ስም ይነሣል። በ1963 በቴል አሽዶድ በተደረገው ቁፋሮ የዚሁ የሳርጎን የድንጋይ ሐውልት ስብርባሪዎች ወጡ። በ2000ዎቹ መጀመሪያም ከቴሉ በስተሰሜን፣ ከግንባታ በፊት በተደረገ ቁፋሮ፣ በአሦር አሠራር ከጭቃ ጡብ የተሠራ ትልቅ ሕንፃ ተገኘ፤ ተመራማሪዎች የአሦር ሹማምንት መቀመጫ ነበር ይላሉ። ቦታው በባቡር የምትሄዱ የምታውቁት የዓድ ሀሎም አካባቢ ነው።

የአሦር ጽሑፍ እንደሚለው፣ ያመፀው የአሽዶድ ገዢ ያማኒ ወደ ኩሽ ንጉሥ ሸሸ። የኩሽ ንጉሥ ግን በሰንሰለት አስሮ ለአሦር አሳልፎ ሰጠው። ያ ኩሽ በዛሬዋ ሱዳን በዓባይ ዳር የነበረው መንግሥት ነው፤ መጽሐፋችን ኢትዮጵያ የሚለውም እርሱን ነው። ከእኛ ብዙዎቹ በእግራቸው ተጉዘው የተጠለሉባት ሱዳን መሆኗን ልብ በሉ። ያማኒ ከዚህ ወደዚያ ሸሸ፤ እኛ ከዚያ ወደዚህ መጣን።

ልጆቻችሁ በወንዙ ዳር ወይም በአሸዋው ላይ ሲጫወቱ ያረጀ ገንዘብ ወይም የተጻፈበት ድንጋይ ቢያገኙ፣ ንብረትነቱ የመንግሥት ስለሆነ ወደ ቤት ወስዶ ማስቀመጥም መሸጥም አይቻልም። በ15 ቀን ውስጥ ለቅርስ ባለሥልጣኑ ማስታወቅ ግዴታ ነው። ቦታውንም አትቆፍሩ።