ላም አለኝ በሰማይ

ዓይናለም ላይ ቆሞ ወደ ደቡብ የሚያይ ሰው ከፊቱ የሚያገኘው የእንደርታን ምድር ነው። ዛሬ ዓይናለም ሲባል ብዙ የመቀሌ ሰው የሚያስበው ከተማዋ የምትጠጣውን የጉድጓድ ውኃ ነው። ከ200 ዓመት በፊት ግን መቀሌ ገና የንጉሥ መቀመጫ አልሆነችም፤ የትግራይ ሥልጣን ያለው ከዚህ በስተደቡብ በሕንጣሎና በጨለቆት ነበር። ራስ ወልደ ሥላሴ ሕንጣሎ ላይ ግብር ያበላሉ፤ ጨለቆት ላይ ደግሞ የሥላሴን ቤተ ክርስቲያን አሠርተዋል። እኒህን ራስ ፍለጋ ሁለት ጊዜ የመጣው እንግሊዛዊ ሄንሪ ሳልት ከስጦታውና ከንግድ ጉዳዩ ሌላ አንድ ነገር ከልቡ አይጠፋም ነበር፤ ከእሱ በፊት በዚህ አገር ያለፈው ስኮትላንዳዊ ጄምስ ብሩስ ውሸታም ነበር ወይስ አልነበረም?

ይህን ያስታወሰኝ የዩፎ ወሬ ነው። ሰማይ ላይ ምንነቱ ያልታወቀ ነገር ታየ በተባለ ቁጥር ሰው ሁለት ጎራ ይለያል። አንዱ «መጡ» ይላል። ሌላው «ቀልደኛ ልጆች የሠሩት ተንኮል ነው» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። ሆኖም «ተንኮል ነው» የሚለው ክስም እንደ ማንኛውም ክስ ማስረጃ ይጠየቃል፤ ማን፣ ለምን፣ በምን እንደ ሠራው ማሳየት አለበት። ይህ ጥያቄ ሳይነሣ ሲቀር ምን እንደሚፈጠር የብሩስን ያህል የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም፤ የተፈጸመውም ሰማይ ላይ ሳይሆን እዚሁ ትግራይ ውስጥ፣ መንገድ ዳር ነው። (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።)

ብሩስ በሴፕቴምበር 1769 ምጽዋ ወረደ፤ በአድዋና በአክሱም በኩል አልፎ በ1770 መጀመሪያ ጎንደር ገባ። ከአክሱም ብዙም ሳይርቅ ላም የሚነዱ ሦስት ወታደሮች እንዳገኘ ጽፏል። ወታደሮቹ ላሟን ጣሏት። ከኋላ ጭኗ ቆዳውን ገልጠው ሁለት ቁራጭ ሥጋ አወጡ። ከዚያ ቆዳውን መልሰው በሹል እንጨት ሰኩት፣ ጭቃ ለጠፉበት፣ ላሟን አስነሥተው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ብሩስ እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ ምናልባት ነገሩ በዚሁ ያልፍ ነበር። እሱ ግን በጎንደር ግብር ላይም ከብቱ ከደጃፍ ታስሮ እየጮኸ፣ ነፍሱ ሳይወጣ ሥጋው እየተቆረጠ ለተጋባዡ እንደሚቀርብ አድርጎ ጨመረበት።

በ1774 ወደ ለንደን ሲመለስ መጀመሪያ በጉጉት አዳመጡት፤ ቆይተው ሳቁበት። ከተጠራጠሩት መካከል ትልቁ ደራሲ ሳሙኤል ጆንሰን አንዱ ነው። ጆንሰን የኢየሱሳዊውን የጀሮኒሞ ሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ በ1735 ወደ እንግሊዝኛ መልሷል፤ በ1759 ደግሞ ስለ አንድ የሐበሻ ልዑል ልብ ወለድ ጽፏል። አገራችንን በእግሩ ረግጧት አያውቅም። ብሩስን ባነጋገረ ጊዜ መጀመሪያ ላይ በእርግጥ ኢትዮጵያ ደርሷል ብሎ አምኖ ነበር፤ ኋላ ግን ሐሳቡን ለወጠ። ብሩስ አምስት ቅጽ መጽሐፉን በ1790 ሲያሳትም ሳቁ በረታ። በ1792 በቅጥፈቱ ስሙ ከወጣው የባሮን ሙንካውዘን ተረት ተከታይ መጽሐፍ ሲወጣ፣ መታሰቢያነቱ ለማላገጥ ለብሩስ ተሰጠ። ከሁለት ዓመት በኋላ ብሩስ በገዛ ቤቱ ደረጃ ላይ ወድቆ ሞተ።

ለንደን ለፍርዷ ምን ይዛ ነበር? በቦታው ነበርኩ የሚል አንድም ተቃራኒ ምስክር አልነበራትም። የያዘችው ግምት ነው። ሥጋዋ የተቆረጠ ላም መራመድ አትችልም፤ ክርስቲያን የሆነ ሕዝብ እንዲህ አያደርግም፤ ተራኪውም ጉረኛ ነው። ሦስተኛው እውነት ነበር። ብሩስ ረጅም፣ ኩሩና ቁጡ ሰው ነበር፤ ሲጠየቅም በማስረጃ ፈንታ በንዴት ይመልሳል። የጠባዩ መጥፎነት የላሟን ነገር እንዳስተባበለ ተቆጠረ።

ሊጠየቁ የሚገባቸው ሰዎች ግን ነበሩ፤ ኢትዮጵያውያን። እንደ ዕድል አንዱን ያነጋገረው ሰው ተገኘ። ካልካታ ላይ ዳኛ የነበረው የቋንቋ ሊቅ ዊልያም ጆንስ አብርሃም ከሚባል ጎንደርን ከሚያውቅ ሐበሻ ጋር ያደረገውን ጭውውት የቤንጋል የእስያ ማኅበር በ1788 ባሳተመው የመጀመሪያ ቅጹ አወጣ፤ ከብሩስ መጽሐፍ ሁለት ዓመት ቀድሞ ማለት ነው። አብርሃም ብሩስን በጎንደር ሳለ ያውቀዋል። በ1801 ደግሞ ተጓዡ ኤድዋርድ ክላርክ ካይሮ ላይ አንድ ኢትዮጵያዊ የቤተ ክርስቲያን ሰው አግኝቶ የብሩስን መጽሐፍ ነገር አንድ በአንድ ጠየቀው። ሰውዬው ስለ ሥጋው ሲጠየቅ፣ ወታደሮች ለዘረፋ ሲወጡ አልፎ አልፎ እንዲህ እንደሚያደርጉ መለሰ። ወታደሮች፤ ለዘረፋ ሲወጡ፤ አልፎ አልፎ። ከአጠቃላይ ትረካው ይልቅ ይህ አነስተኛ መልስ እውነቱን በትክክለኛው መጠን ለክቶታል። በለንደን ግን የሐበሻው ቃል ሚዛን አላነሣም፤ ለማመን ሌላ እንግሊዛዊ እስኪናገር ተጠበቀ።

ያ እንግሊዛዊ ሳልት ነው። በ1805 የሎርድ ቫለንሺያ ተከታይ ሆኖ ሕንጣሎ ሲደርስ ስለ ላሟ ጠየቀ፤ የጠየቃቸው ሰዎችም ካዱ። ሎርዱ ብሩስን አይወድም ነበር፤ በ1809 የታተመው የጉዞ መጽሐፉ በየምዕራፉ ይነክሰዋል። ለሳልት ክህደቱ በቂ መሰለው። አንድ ነገር ግን ልብ ይሏል፦ ጥያቄው የቀረበው በራስ ወልደ ሥላሴ ግቢ ውስጥ ለሚውሉ ሰዎች ነው። በስመ አብ ተብሎ ያልታረደ ሥጋ ለአማኝ ነውር ነው፤ ነፍስ ያለበትን ሥጋ መብላት ደግሞ ከነውርም በላይ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር በእንግዳ ፊት «አዎ፣ ወታደሮቻችን ያደርጉታል» የሚል ባለሟል እምብዛም አይገኝም። ክህደቱ ነገሩ አሳፋሪ መሆኑን ይነግረናል፤ አለመደረጉን ግን አይነግረንም።

ሳልት ሲመለስ ናትናኤል ፒርስ የሚባል እንግሊዛዊ መርከበኛ በራስ ወልደ ሥላሴ ዘንድ ትቶ ሄደ። ፒርስ አገሩን ለመደ፣ ከወታደሩ ጋር ዘመተ፣ ከ10 ዓመት በላይ ኖረ። ሳልት በ1810 ጨለቆት ሲመጣ ፒርስ ያየውን ነገረው። አንድ ቀን ከላስታ ወታደሮች ጋር ለዘረፋ ወጥቶ ከብት ይዘው ሲመለሱ ርኃብ ጠናባቸው፤ ሰፈሩ ደግሞ ሩቅ ነው። አንዱ ወታደር ሳልት «ሹላዳ» ብሎ የጻፈውን እንቁረጥ አለ። ላሟን በቀንዷ ይዘው ጣሏት፤ ከጭራዋ አጠገብ ግማሽ ኪሎ የሚጠጋ ሥጋ ሁለት ቦታ አወጡ፤ ቁስሉን ሰፍተው በላዩ እበት ለጠፉበት። ላሟ ትንሽ እያነከሰች ሰፈር ደረሰች። እንደ ደረሰችም አረዷትና ራታቸው አደረጓት።

ይህን ምስክርነት ለመጠርጠር መንገድ አለ። ፒርስ የብሩስን ታሪክ ከሳልት አፍ ሰምቶ ጌታውን ለማስደሰት ደግሞት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ጌታውን የሚያስደስተው ተቃራኒው ነበር። ዝርዝሩም አይገጥምም፤ ብሩስ ጋ ጭቃ ነው፣ ፒርስ ጋ እበት፤ ብሩስ ጋ ሹል እንጨት ነው፣ ፒርስ ጋ ስፌት። የሚቀዳ ሰው እንዲህ አይለያይም። ሳልት ደግሞ ይህን ሁሉ የቀድሞ አቋሙን የሚያፈርስ መሆኑን እያወቀ በ1814 መጽሐፉ ላይ አተመው። ለዚህ አከብረዋለሁ።

ጎንደር ላይ ስለነበረው ግብርስ? ሳልት ሕንጣሎ ላይ ግብር ተቀምጧል፤ ብርንዶ ገና ትኩስ ሆኖ፣ ጡንቻው እየተንቀጠቀጠ ሲቀርብ አይቷል። ከብቱ ግን ታርዶ ነው። የብሩስን የሚያጓራ በሬ ያየ ሌላ ሰው የለም። እኔ የምፈርደው እንዲህ ነው፦ የመንገዱ ላም እውነት ናት፤ የደጃፉ በሬ ግን ብሩስ መንገድ ላይ ያየውን ወስዶ አዳራሹ ላይ የለጠፈው ነው። የእኛ ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ ብዙ ጊዜ «ስም ማጥፋት ነው» ብሎ ይነሣል፤ ቁጣው ስለ ግብሩ ከሆነ ተገቢ ነው፣ ስለ ተራበ ወታደር ከሆነ ግን ያ የለንደን ፍርድ በሌላ ልብስ መጣ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ደግሞ የሚያስገርመው ይመጣል። ብሩስ በእርግጥ ዋሽቷል፤ የሳቁበት ሰዎች ግን ሌላ ቦታ ላይ ነበር ውሸቱን የፈለጉት። ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል ከቦሎኛ የመጣ ወጣት ሠዓሊ አብሮት ነበር፤ ዕፅዋቱን፣ አእዋፉን፣ ሕንፃውን የሣለው አብዛኛው የእሱ እጅ ነው። ብሩስ በኖቬምበር 1770 ግሽ ዓባይ ከመድረሱ በፊት ባሉጋኒ እንደ ሞተ ጻፈ። ባሉጋኒ የሞተው ግን ከዚያ ጉዞ በኋላ በ1771 ጎንደር ላይ ነው፤ ይህን የሚመሰክሩት የብሩስ የራሱ ወረቀቶች ናቸው። በዓባይ ምንጭ ላይ ብቻውን የቆመ አውሮፓዊ መሆን ስለፈለገ ወዳጁን በብዕር ቀድሞ ቀበረው።

እንዲያውም ምንጩን ያየ የመጀመሪያው አውሮፓዊ እሱ አልነበረም። ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618፣ ከ152 ዓመት በፊት፣ እዚያ ቆሟል። ብሩስ ይህን ሲሰማ ምን አደረገ? የፓኤዝ ትረካ የፈጠራ ነው ብሎ ከሰሰ! ለንደን እሱ ላይ የሰነዘረችውን ዱላ እሱ በሞተ ሰው ላይ አነሣ። ሳልት ጨለቆት ላይ የጠየቀው፣ ብሩስን በጎንደር ያውቅ የነበረ አንድ ሊቅም ሚዛኑን ይጠብቃል፦ ያዕቆብ የተባለው ፈረንጅ (ብሩስ ማለት ነው) በእርግጥ ነበር፣ በቤተ መንግሥትም ተወዷል፤ ራስ ኤል ፊል የሚባለውን አገር ለመግዛት ተሾምሁ ያለው ግን አልሆነም። እንግዲህ የብሩስ ጉራ ስለ ራሱ ሲሆን አይታመንም፤ ስለ አንዲት ላም ሲሆን ግን ይታመናል። «ውሸታም ነው» የሚለው አንድ ቃል ይህን ልዩነት ይደመስሰዋል።

አሁን ወደ ሰማዩ። ኤፕሪል 24 ቀን 1964 በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ የሶኮሮ ከተማ ፖሊስ ሎኒ ዛሞራ በፍጥነት የምትነዳ መኪና ሲያሳድድ ከፍተኛ ጩኸት ሰማ፣ ነበልባልም አየ። መኪናዋን ትቶ ወደዚያ ሄደ። ሸለቆ ውስጥ ነጭ እንቁላል የመሰለ ነገርና አጠገቡ ነጭ የለበሱ ሁለት ሰው መሳዮች አየ፤ ነገሩ እየጮኸ ተነሥቶ ሄደ። ከኋላው የተቃጠለ ቁጥቋጦና በመሬት ላይ የታተመ ምልክት ቀረ። የአየር ኃይሉ አማካሪ የሥነ ፈለክ ሊቁ አለን ሃይኔክ መጥቶ አጣራ። ፕሮጀክት ብሉ ቡክ የሚባለው የአየር ኃይሉ ምርመራ በ1969 ሲዘጋ ከ12,618 ጥቆማዎች 701 ያልታወቁ ተብለው ቀሩ፤ ሶኮሮ ከእነሱ አንዱ ነው።

የተንኮሉ ክስ የመጣው ከታላላቅ ሰዎች ነው። ሁለት ጊዜ ኖቤል የተሸለመው ላይነስ ፓውሊንግ በ1968 በሶኮሮ ለሚገኘው የኒው ሜክሲኮ የቴክኒክ ተቋም ፕሬዚዳንት፣ ለፊዚክስ ሊቁ ስተርሊንግ ኮልጌት፣ ስለ ጉዳዩ ጻፈለት። ኮልጌት በዚያው ደብዳቤ ላይ በእጁ መለሰ፤ ነገሩን የጠነሰሰው ተማሪ ማን እንደሆነ ጥሩ ፍንጭ እንዳለው፣ ተማሪው ግን ተቋሙን ለቅቆ እንደ ሄደ። ወረቀቱ በፓውሊንግ መዝገብ ውስጥ ተቀምጦ ቆይቶ ከብዙ ዘመን በኋላ ወጣ። ኮልጌት እስከ ዕድሜው መጨረሻ በቃሉ ጸና፤ በ2013 አረፈ።

ይህን ክስ ንቄ አልጥለውም። ኮልጌት የተቋሙ ፕሬዚዳንት ነበር፤ ተማሪዎቹን ያውቃል፤ የመዋሸት ምክንያትም አይታየኝም። የቴክኒክ ተማሪዎች ተንኮል መሥራታቸውም የታወቀ ነው። ሴፕቴምበር 4 ቀን 1967 የፋርንቦሮ የአውሮፕላን ተቋም ወጣቶች በደቡብ እንግሊዝ በአንድ መስመር ስድስት ድምፅ የሚያሰሙ «በራሪ ዲስኮች» አስቀምጠው ፖሊስንና ሠራዊቱን አሯሯጡ። ግን የዚያ ተንኮል መጨረሻ ምን እንደሚመስል እንይ፦ ዲስኮቹ እጅ ላይ ናቸው፣ ሠሪዎቹ ወጥተው ሳቁ፣ እንዴት እንደ ሠሩትም ተናገሩ። በሶኮሮ ከዚህ አንዱም የለም። የተማሪው ስም የለም፣ ነበልባሉን ያወጣው መሣሪያ የለም፣ ያ ሁሉ ነገር በአንድ ፖሊስ ፊት በሜዳ ላይ እንዴት ተነሥቶ እንደተሰወረ የሚያስረዳ ሰው የለም። የኮልጌት ማስታወሻ የሚነግረን ኮልጌት ያመነውን ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ይህን ስል ዛሞራ ከሌላ ዓለም የመጣ መርከብ አየ ማለቴ አይደለም። አልዋሸም ማለት ያየውን በትክክል ተረዳው ማለት አይሆንም፤ በዚያ አካባቢ የጦር መሣሪያና የሮኬት ሙከራ የሚደረግበት የዋይት ሳንድስ ሜዳ አለ፣ የዓይን ስሕተትም አለ። ፒርስ ስለ መንገዱ ላም መስክሮ የጎንደሩን በሬ እንዳላስረገጠ ሁሉ፣ የዛሞራ ሐቀኝነትም የነጭ ለባሾቹን ማንነት አያስረግጥም። የተንኮሉ ክስ ግን ለጊዜው ሳልት በ1805 የቆመበት ቦታ ላይ ነው፤ ከተከበረ ሰው የተሰማ፣ በቦታው ከነበረ ሠሪ ያልተረጋገጠ። ያ ተማሪ በሕይወት ካለ ዛሬ ዕድሜው ከ80 አያንስም። ስሙን ይናገር፤ ፊኛውንም፣ ርችቱንም፣ ያገዙትን ጓደኞቹንም ይዞ ይምጣ፤ ያን ጊዜ ለኮልጌት እፈርዳለሁ።