ስለ «ኪክ ሰርቭ» አመጣጥና ስለ ደጋው አየር

በሜዳ ቴኒስ ታሪክ «ኪክ ሰርቭ» የተባለው የመክፈቻ ምት ዝናው የተሰማው በነሐሴ 1892 ዓ.ም. በቦስተን ነው። በመጀመሪያው የዴቪስ ዋንጫ ግጥሚያ ድዋይት ዴቪስና ሆልኮምብ ዋርድ በዚህ ምት እንግሊዞችን አስቸገሩ፤ አሜሪካም 3 ለ 0 አሸነፈች። ራኬቱ ኳሷን ሽቅብ ጠረግ ሲያደርጋት ትሽከረከራለች፤ ሽክርክሪቱም ከአየሩ ጋር ሲፋተግ ወደ ምድር ያጎነብሳታል። ስለዚህ ከመረቡ ከፍ ብላ አልፋ ከመስመሩ ውስጥ ታርፋለች፤ ለሁለተኛው ሙከራ የምትመረጠውም በዚህ ነው። ነገር ግን ቦስተን የባሕር ዳር ከተማ ናት። ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነው በከላላና በመካነ ሰላም ደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ኳሷ ትፈጥናለች፤ ማጎንበሷም ይቀንሳል። እንግዲህ የደጋ ተጫዋች ጉልበት ከመጨመር ይልቅ ሽክርክሪቱን ቢያበዛ፣ ኳሷንም ዘወትር በአንድ ቦታና በአንድ ከፍታ ቢወረውር ይበጀዋል እንላለን።