የሙልሙሉ ድርሻ፤ ስለ ጾም ጣፋጭና ስለ ዘፈን በደብረ ማርቆስ

ባለፈው ነሐሴ ለጉዳይ ደብረ ማርቆስ ሄጄ ነበር። የነሐሴን የማርቆስ ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ በክረምት ሰውን ወደ ሻይ ታስሮጣለች። እኔም ሮጥኩ። የገባሁበት ኬክ ቤት መስታወት ላይ «የጾም ኬክ አለ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ቀኑ ነሐሴ 12፣ ጾሙ ፍልሰታ ነው። አንድ ቁራጭ ከሻይ ጋር አዘዝኩ። ያስተናገደችኝ ልጅ ሳህኑን አስቀምጣ፣ «አባባ፣ የእናንተ ጊዜ እንዲህ ያለ የጾም ጣፋጭ የት ነበረና! የናንተ ጾም ሽሮ ብቻ ነበር አሉ» አለችኝና ሳቀች። መልስ ሳልሰጣት ሌላ ሰው ጠራት። መልሴ ግን ሆዴ ውስጥ ቀረ። ይህ ጽሑፍ ያን መልስ ለመስጠት የተጻፈ ነው፤ መልሱ ግን ከጣፋጩ አልፎ፣ ስድሳ ዓመት ያህል ተሸክሜው ወደኖርኩት አንድ የልጅነት ነውር ወሰደኝ።

ከቃሉ እንነሳ። በአማርኛ «ጣፈጠ» የምንለው ስለ ስኳር ብቻ አይደለም። ወጡ ይጣፍጣል፤ ጨዋታው ይጣፍጣል፤ የመሲንቆ መቺው ድምፅ ይጣፍጣል። አባቶቻችን ለስኳር የተለየ ቃል ያላወጡለት ስኳር ራሱ ለእነሱ እንግዳ ስለነበረ ነው። የመጀመሪያው የስኳር ፋብሪካችን ወንጂ ላይ ሥራ የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ስኳር ከባሕር ማዶ የሚመጣ፣ የባለጸጋና የከተሜ ነገር ነበር። የገበሬው ጣፋጭ ማር ነው። ጎጃም ደግሞ የማር አገር ነው።

አሁን ወደ አያቴ ጓዳ ልግባ። በጾም ቅቤ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ሥጋ ከዚያ ጓዳ ይወጣሉ፤ በቦታቸው ኑግ፣ ሱፍና ተልባ ይገባሉ። ኑግ የኢትዮጵያ ምድር ያበቀለው የዘይት እህል ነው፤ መስከረምና ጥቅምት የጎጃምን ሜዳ ቢጫ የሚያለብሰው አበባ የእሱ ነው። አያቴ ኑጉን አበጥራና አጥባ ትቆላዋለች፤ በሙቀጫ ትወቅጠዋለች፤ ዘይቱ ወጥቶ ጥቁር ሊጥ ሲመስል ማር ጨምራ ደግማ ትወቅጠዋለች። በጣቷ ጠቅልላ በየእጃችን ታስቀምጥልናለች። ጥርሳችን ይጠቁራል፤ እርስ በርስ እየተያየን እንስቃለን። ሱፉ ተቀቅሎ ይወቀጥና በውኃ ተበጥብጦ ሲጠለል ወተት ይመስላል፤ ሕፃን ልጅ ወተት ነው ቢሉት ያምናል። ተልባው ተቆልቶና ተፈጭቶ በማር ይበጠበጣል። የተቆላ ገብስ ዱቄት በማር ሲታሽ በሶ ነው። ዳቦ ቆሎው ደግሞ በዘይት ታሽቶ፣ በትንሽ በትንሹ ተቆራርጦ ምጣድ ላይ ይቆላል። እንግዲህ ልጄ፣ ይህ ሁሉ የጾም ጣፋጭ ነበረ።

በእንግሊዝ አገር በ1944 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጥቂት ሰዎች ተሰብስበው፣ ሥጋን ብቻ ሳይሆን ወተትና እንቁላልንም ለሚተዉ ሰዎች «ቪጋን» የሚል ስም አወጡ። ዛሬ ይህ ስም በአዲስ አበባ ሆቴሎች የምግብ ዝርዝር ላይ ይነበባል። የውጭ እንግዳም ረቡዕና ዓርብ በየምግብ ቤቱ የሚቀርብለትን በያይነቱ አይቶ ይደነቃል። ልዩነቱ ግን ሁለት ነው። የእነሱ ቪጋን ማር አይቀምስም፤ የእኛ ጾመኛ ግን ማርን አብዛኛውን ጊዜ አይከለከልም። ዋናው ልዩነት ደግሞ የእኛ ጾም ገደብ ያለው መሆኑ ነው፤ ይገባል፣ ይፈታል። የጾም ጣፋጭ የእኛ ብቻ እንዳልሆነም መናገር ይገባል። ግሪኮች በዐቢይ ጾማቸው ከሰሊጥ የተሠራ ሐላዋ ይበላሉ። ሰው የትም ቢሆን ቅቤውን ሲተው ጣዕም የሚያገኝበትን ሌላ መንገድ ይፈልጋል።

ዘፈኑስ? በጾም ዘፈን የለም እንዳትሉኝ። እርግጥ ነው፣ በሁዳዴ ሰርግ የለም፤ ሰርግ ከሌለ መሲንቆ የለም። በእነዚያ 55 ቀናት የሚሰማው በገና ነው፤ ባለ አሥር አውታሩ፣ የዳዊት የሚባለው፣ መኳንንትም ለመደርደር የማያፍሩበት መሣሪያ። መሲንቆው ግን ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ባለቤቱ ምን እንደሚበላ የሚጠይቅ እንደነበር አላስታውስም።

በጎጃም ጾምና ዜማ ከምግብ ጋር የሚገናኙባቸው ሁለት በሮች ግን አሉ። አንደኛው የተማሪው ነው። ከዲማ ጊዮርጊስም ሆነ ከሌላው የቅኔ አገር የሚመጣው ደበሎ ለባሽ በየደጁ ቆሞ በዜማ ይለምናል፤ የሚሰጠው ቆሎ ስሙ ሆኖ ቀርቶ «ቆሎ ተማሪ» ተባለ። ሁለተኛው ቡሄ ነው። ደብረ ታቦር ነሐሴ 13 ቀን ይውላል፤ ፍልሰታ የሚፈታው ነሐሴ 16 ነው። ስለዚህ ቡሄ ጾም ውስጥ ያለ በዓል ነው፤ ሙልሙሉም ቅቤ፣ ወተት፣ እንቁላል ያልነካው የጾም ዳቦ ነው። ልጆች በየቤቱ ደጃፍ ሆያ ሆዬ ይላሉ፤ ጅራፍ ያጮሃሉ፤ በዋዜማው ችቦ ይበራል፤ ባለቤቷ ሙልሙል ይዛ ትወጣለች። የጾም ምግብ በዘፈን የሚገዛበት ቀን ከዚህ ሌላ አላውቅም።

አሁን ነውሬን ልናገር። በ1956 ዓ.ም. ቡሄ ሰባት ሆነን እንዞር ነበር። አውጪያችን የአንድ መሲንቆ መቺ ልጅ ነው። እንደ እሱ ያለ ድምፅ ከዚያ ወዲህ ከልጅ አፍ አልሰማሁም። የቤቱን ባለቤት ስም ይጠይቅና እዚያው በዚያው ግጥሙ ውስጥ ያስገባዋል፤ ሴትዮዋ እየሳቀች ሁለት ልትሰጥ ያሰበችውን አራት ታደርገዋለች። ሌሎች ቡድኖች ግማሽ ከረጢት ሲይዙ የእኛ ሞላ። ማታ ዝግባ ሥር ተቀምጠን ስንካፈል ትልቁ ልጅ ለስድስታችን ቆጠረና ከረጢቱን አራገፈ። አውጪው እጁን እንደዘረጋ ቀረ። «አንተማ ሥራህ ነው፤ አዝማሪ ይለመንለታል እንጂ ይካፈላል?» አለው። የቀረነው ሳቅን። እኔም ሳቅሁ። ልጁ አላለቀሰም፤ ተነሥቶ ሄደ።

ቤት ስገባ አያቴ፣ «ያ የሚያወጣላችሁ ልጅ ስንት ደረሰው?» አለችኝ። «ሦስት» አልኳት። ዓይኔን አይታ ዝም አለች። ከዚያ ሁለት ሙልሙልና በቅጠል የተጠቀለለ የኑግና የማር ጉርሻ አምጥታ፣ «ሦስተኛውን አንተ ጨምርና አሁኑኑ አድርስለት» አለች። ሄድኩ። ነገር ግን አዝማሪ ቤት ሲገባ ታየ እንዳልባል ፈርቼ፣ ከአጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ሮጥኩ። ውሻ ይብላው ልጁ እስከ ዛሬ አላውቅም። በሚቀጥለው ዓመት ከእኛ ጋር አልዘፈነም።

ይህን ንቀት ከየት አመጣነው? «አዝማሪ» የሚለው ቃል ሥሩ ግዕዙ «ዘመረ» ነው፤ መዝሙርና መዘምርም ከዚያው ይወጣሉ። አንዱን ቃል ቤተ መቅደስ አስገብተን እህቱን ጠጅ ቤት አስቀረናት። አዝማሪው በመኳንንት ግብር ላይ ጌታውን ያወድሳል፤ በሰምና ወርቅ ደግሞ ይወጋዋል። ጋዜጣ ባልነበረበት አገር ወሬ አቀባዩ፣ ተቺው፣ ታሪክ ጸሐፊው እሱ ነበር። ሲዘፍን እናቅፈዋለን፤ ልጁ ልጃችንን ልዳር ሲል ግን ዘሩን እንቆጥራለን።

የአዝማሪውን ዋጋ ከእኛ ይልቅ ያወቀው ጠላት ነው ብል አልተሳሳትኩም። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እልቂት በኋላ ግራዚያኒ ጠንቋዮችን፣ ባሕታውያንንና አዝማሪዎችን የአመፅ ወሬ ነዥዎች ናቸው ብሎ እየተያዙ እንዲገደሉ አዘዘ፤ በመጋቢት ወር ወደ ሮም ባስተላለፈው ቴሌግራም እስከዚያ ቀን 70 ሰዎች መወገዳቸውን አስታውቋል። ወሩ ሁዳዴ ነበር። መሲንቆው ግድግዳ ላይ በተሰቀለበት ጾም፣ ባለ መሲንቆው በጥይት ተደበደበ። በአንድ አውታር የሚዘፍን ሰው ለአንድ ግዛት አስፈሪ ሊሆን እንደሚችል የፋሽስት ሹም ተረድቶታል፤ እኛ ግን ከዚያ በኋላም ሙልሙል ስንካፈል ቆጠራ እንዘለዋለን።

ደብረ ማርቆስም በጾም ነጻ ወጣች። ቀድሞ መንቆረር ትባል የነበረችው፣ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መናገሻ የነበረችው ይህች ከተማ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ሲመለሱ የገቡባት በመጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። ዘመኑን ብትቆጥሩት ዕለቱ እሑድ፣ ከሆሣዕና በፊት ያለው ኒቆዲሞስ ነው። እንግዲህ ያ ሁሉ ደስታ ሲሆን አጥባቂው የከተማ ሰው ያለ ሥጋና ያለ ቅቤ ነበር ማለት ነው። ድግሱ ምን እንደነበር ማንም ያስበው፤ እኔ ግን በዚያ ቀን በየጓዳው የተወቀጠው ኑግ ይሸተኛል።

ጣሊያን ሄዶ ቦምቦሊኖ ቀረ። ስሙ የእነሱ ነው፤ በአገሩ እንቁላልና ወተት የሚገባበት ይህ ጥብስ፣ በእኛ ጎዳና ግን ዱቄት፣ እርሾ፣ ስኳር፣ ውኃና ዘይት ብቻ ሆኖ፣ ማንም ሳያጠምቀው ጾመኛ ሆነ። የወንጂ ስኳር ሲበረክት በየአውቶቡስ መናኸሪያው ተስፋፋ። የዛሬው የጾም ኬክም የቦምቦሊኖ ታናሽ ወንድም ነው፤ ከአያቴ ኑግም ጋር በዘይቱ ይዛመዳል።

አዝማሪውም ተለወጠ። በደርግ ዘመን በየክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድኖች ተቋቋሙ፤ ጎንደር ፋሲለደስ፣ ወሎ ላሊበላ ሲል፣ ጎጃም ግሽ ዓባይን አቆመ። መሲንቆው ከጠጅ ቤት ወጥቶ መድረክ ላይ ቆመ። የሚያወድሰው መንግሥትን ብቻ እንዲሆን መገደዱ ክፉ ነው፤ መሲንቆ ይዞ መታየት ማዕረግ መሆኑ ግን ደግ ነው። የሰዓት እላፊው ሌሊቱን ለረጅም ዓመታት ዘጋው። ደርግ ከወደቀ በኋላ በአዲስ አበባ፣ በተለይ በካዛንቺስ፣ አዝማሪ ቤቶች እንደ እንጉዳይ ፈሉ፤ ያኔ ከተሜው ወጣት ገንዘቡን ከፍሎ፣ እየተሰደበ እየሳቀ፣ አያቱ የናቀውን ሰው ሊሰማ ተሰለፈ። ሁዳዴ ሲገባ ግን የጥንቱ ጥያቄ እንደገና ይመጣል፤ ኬክ ቤቱ ለጾም የሚሆን ኬክ አበጀ፤ ለአዝማሪው ጾም ማን ምን አበጀለት?

ወደዚያ ኬክ ቤት ልመለስ። ሻዬን ሳልጨርስ ደጃፉ ላይ ጅራፍ ጮኸ፤ ልጆች ሆያ ሆዬ ጀመሩ። ዛሬ የሚሰጠው ብር ነው፤ ሙልሙል የሚጋግር እየቀነሰ ነው። አውጪው ጠቆር ያለ፣ ቀጭን ልጅ ነው። የባለቤቱን ስም ከአስተናጋጇ ጠየቀና እዚያው በዚያው ግጥሙ ውስጥ ከተተው። ተነሣሁ። አንድ ካርቶን ሙሉ የጾም ኬክ አስሞልቼ ወጣሁና ለልጆቹ ሰጠሁ። «እኩል ተካፈሉ፤ አውጪውን እንዳትረሱ» አልኳቸው። ድምፄ ሳይንቀጠቀጥ አልቀረም፤ ልጆቹ ተያዩ።

«እንዴ አባባ» አለ ከመካከላቸው ትንሹ፣ «ለአውጪውማ አንድ እንጨምርለታለን! እሱ ባይኖር ማን ይሰጠን ነበር?»

ተመልሼ ተቀመጥኩ። አስተናጋጇ ሻዩ ቀዝቅዟል፣ ልቀይርልዎ ብላ መጣች። ያን ጊዜ ስለ ኑጉና ስለ ማሩ ነገርኳት። «እንዴት ነው የሚወቀጠው?» አለችኝ። በአየር ላይ ሙቀጫ ሠርቼ አሳየኋት። ስለ ሦስተኛው ሙልሙል ግን አልነገርኳትም፤ እሱን ለእናንተ አቆየሁት።